አለፍኩልሽ

ግቢ እትዬ፣ ግቢ! ጫማሽን አታውልቂ፤ ወለሉ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ብቻ ነው፣ ሳልጠርገው ደረስሽብኝ። ቀሚስሽ አልቋል። የቀረው አንቺው ላይ አድርጌ የታችኛውን ጠርዝ መያዝ ብቻ ነው። እስቲ እዚያች በርጩማ ላይ ውጪልኝ… እንዲህ። ቀጥ በይ። አሁን እንግዲህ ዙሪያሽን ስፒል ነው የምሰካው፤ ብትነቃነቂ እኔ የለሁበትም።

ልጅሽ እንዴት ናት? ምርቃቷ ደረሰ አይደል? እሰይ! እንግዲህ በዚህ ቀሚስ ከተመራቂዋ ይልቅ እናቷ ናት ፎቶ ስትነሳ የምትውለው። ቀለሙ ደግሞ ሲሄድብሽ! … ወንድምሽ? ደህና ነው፣ ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ያው እዚሁ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ይዟል። ቲንግ ቲንግ የሚለው ይሰማሻል አይደል? ተይው፣ አትጥሪው። ሥራ ላይ ነው፤ ጨዋታው ውስጥ ሣጥን እየከፈተ ነው።

እኔ እንኳ ላጫውትሽ የፈለግሁት ስለ ሌላ ሰው ነው። አንድ የማውቀው ሰው አለ… አይ፣ አንቺ አታውቂውም። አፍንጫው ቁርጥ ያንቺን ቢመስልም አታውቂውም። እንዴት ያለ ጎበዝ ሰው መሰለሽ! ከሶፋው ሳይነሳ ስንቱን ጦርነት አሸነፈ፣ ስንቱን ከተማ ያዘ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀድዷል፤ እሱ ግን ያሸንፋል።

ቸርነቱስ ብትይ! በቀደም ለታ ስልኩ ውስጥ ላለው ትንሽዬ ሰውዬ ካባ ገዛለት። ወርቅማ ካባ። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ አይቼ ማለፍ አልችልም፤ እስቲ ልየው ብዬ ተጠጋሁ። ስፌት የለው፣ ገበር የለው፣ ቁልፍ የለው። «ይሞቀዋል?» ብዬ ብጠይቅ፣ «አይ፣ ያምርበታል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አምሮበታል። ገዢውም ያን ዕለት እኔ ጉልበቱ ላይ የጣፍኩለትን ሱሪ ለብሶ ነበር፤ እሱም አምሮበት ነው የዋለው።

ዞር በይልኝ ወደ መስኮቱ… ቀስ።

እኔ ግን እነዚያን የዛሬ ጨዋታ ሠሪዎች ሳስባቸው እቀናለሁ እትዬ። ምነው እኔም እንደነሱ ብልጥ በሆንኩ! እስቲ አስቢው። ይሄን ቀሚስ ወስደሽ ቤትሽ ስትከፍቺው እጅጌ የለውም። ትደውያለሽ። «አዎ፣ እጅጌው ለብቻው ነው የሚሸጠው» እልሻለሁ። ግራው ዛሬ፣ ቀኙ የሚመጣው ወር። ዚፑን በየሳምንቱ ታሳድሺዋለሽ፤ ካላሳደስሽ ሰው መሀል ይከፈትብሻል። ቁልፉ ደግሞ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑን ገዝተሽ ስትከፍቺው ቲንግ ይልና ሻርፕ ይወጣልሻል። ሻርፕ መቼ አማረሽ? ሌላ ሣጥን ትገዣለሽ። እንደገና ሻርፕ! በዚሁ ስፒል ዓይኔን ባታወጪኝ ነው? የማውቀው ሰው ግን አይናደድም። ያመሰግናል፣ ሌላ ሣጥን ይከፍታል። እንደሱ ያለ ደንበኛ ቢኖረኝ ይሄኔ ሦስት ፎቅ ሠርቼ፣ አንቺን የምለካሽ በቀጠሮ ነበር።

ጨዋታዎቹስ ቢሆኑ ምን ያህል አዛኝ ሆነዋል! ድሮ ስትሸነፊ ማን ያይሽ ነበር? «አበቃ» ይልሻል፣ ይጨልማል፣ ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ። አሁን ያባብልሻል። «ደከመህ እንዴ? ይቺን ግዛና እለፍ» ይላል። በየት እንደምትሄጂ በቀስት ያሳይሻል፣ በሩንም ራሱ ይከፍትልሻል። ከዚያ ገና አንድ እግርሽን ስታስገቢ ርችት ይተኩስና «ጀግና!» ይልሻል። ልጅሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትራመድ እንኳ ያን ያህል አላጨበጨብንላት።

ብቻ ያ ሰው ድሮ እንዲህ አልነበረም ይላሉ… እኔ ምን አውቃለሁ።

አጎቴ ጌም ቤት እንደነበረው ታስታውሻለሽ? ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ የሚቆም ወረፋ። ሕጉ አንድ ነበር፤ ተሸናፊ ይነሳል። ማንም ይሁን ማን፣ አጎቴ ራሱ ቢሸነፍ ይነሳል። ቤቱን የምትጠብቀው የወንድሙ ልጅ ነበረች… ወይ የእህቱ፣ ረሳሁት። እጇ ፈጣን ነበር አሉ። ቀኑን ሙሉ ከወንበሩ የሚያስነሳት አልነበረም።

ታዲያ አንድ ቀጭን ልጅ ይመጣ ነበር። ይሸነፋል፣ ይነሳል፣ ሄዶ ከወረፋው ጫፍ ይቆማል። ተራው ይደርሳል፣ ይሸነፋል፣ ይነሳል፣ ሄዶ ይቆማል። ክረምቱን ሙሉ! ጓደኞቹ «ወረፋ» የሚል ስም አወጡለት። «ወረፋ መጣ፣ ወረፋ ሄደ» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱ ምንም አይመስለውም። ከጫፍ ሆኖ ጣቶቿን ብቻ ያያል።

አንድ ቀን ልጅቷ አንጀቷ አልችል አለና ሆን ብላ ጣቷን አዘገየችለት። አሸነፈ! ቤቱ በጩኸት ተደባለቀ። ልጁ ግን ጆይስቲኩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ፊቱ ቀልቶ አያት። «እንዲህ አልፈልግም» አላት። ይሄንኑ ብቻ። ከዚያ ያሸነፈው ልጅ ራሱ ብድግ ብሎ ሄዶ ከወረፋው ጫፍ ቆመ። እትዬ… እዚያ ቤት አሸንፎ የተነሳ ሰው ታይቶ አይታወቅም ነበር። ልጅቷ ያን ዕለት ቀጥሎ በተቀመጠው፣ ጆይስቲክ አያያዝ እንኳ በቅጡ በማያውቅ ጀማሪ ተሸነፈች ይባላል። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

በስተመጨረሻ በእውነት አሸነፋት። እሷም በሕጉ መሠረት ተነሳች። እሱም ማሸነፉን ረስቶ ተከትሏት ወጣ። የቀረውን ሠርጉ ላይ ስትጨፍሪ ስላመሸሽ ታውቂዋለሽ… ማለቴ፣ የሆነ ሰው ሠርግ ላይ። እጅሽን ከፍ አድርጊልኝ፣ ብብቱ እንዳይጠብሽ።

እና እነዚያ ሁለቱ፣ ሁለት ሆነው የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ነበራቸው። ከመጨረሻው በር ላይ አንድ ዘበኛ ቆሟል፤ ጋሻው ራሱ በር ያክላል። ዘበኛውን ያለፈ ሰው አልነበረም። እነሱም ተንበርክከው ቢለምኑት አላሳለፋቸው፤ በመሀል አጎቴ ጌም ቤቱን ዘጋው። ቴሌቪዥኖቹ ተጭነው ሲሄዱ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ልጁ ምን አላት? «ግዴለም፣ አንድ ቀን አብረን እናልፈዋለን።» አብረን… ልብ አድርጊልኝ፣ ቃሉ የኔ አይደለም።

ይኸውልሽ፣ ዘንድሮ ያ ጨዋታ ታድሶ በስልክ ወጣ። ሰውየው እንደ ልጅ ዘለለ። ቅዳሜ ከሰዓት ይቺ የስፌት መኪና ጨርቅ ትለብሳለች፣ ደንበኛ ቢያንኳኳም የሚከፍት የለም። ሁለቱ ሶፋው ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ። ሲሸነፉ «አንተ ነህ!» «አንቺ ነሽ!» ይባባላሉ፣ ትራስ ይወራወራሉ። ደስ ሲል! ሴትየዋ ሳምንቱን የምትገፋው ያቺን ከሰዓት እያሰበች ነበር። እየተጎተቱ ዘበኛው ጋ ደረሱ። ጣላቸው። እንደገና ሞከሩ፣ እንደገና ጣላቸው። አዲሱ ዘበኛ ግን አንድ አመል ጨምሯል፤ ከጣለሽ በኋላ ጎንበስ ብሎ የወርቅ ሰይፍ ይሸጥልሻል። «ይህ ሰይፍ ካለህ ሁለተኛ ሰው አያስፈልግህም» ይላል ማስታወቂያው። ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። «ይሄን ደግሞ ምን ዓይነቱ ይገዛዋል!» ብሎ የሳቀው እሱ ነበር፣ ከእሷ በላይ።

ሴትየዋ ሳምንቱን ሙሉ ዘበኛው ከጭንቅላቷ አልወጣ አላት። መኪናውን እየረገጠች ታስበዋለች፣ ሽንኩርት እየከተፈች ታስበዋለች። ረቡዕ ዕለት የአንድ ደንበኛ ኮት እጅጌ ስትገጥም ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ ገጠመችው። ይሄን ሁሉ ዘመን ሰፍታ! ኮቱን መስቀያ ላይ አድርጋ ብታየው አንድ ትከሻው ዝቅ ብሎ እንደተኮራመተ ሰው ቆሟል። በራሷ እየሳቀች ሳለ… በራላት። ዘበኛው! ሊመታ ሲል ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል። ያኔም ዝቅ ይል ነበር፣ አሁንም ይላል። አንዱ በቀኝ በኩል ሲያታልለው ሌላው በዚያች ቅጽበት በግራ ቢገባ አለቀለት። ሁለት ሰው ነው የሚጥለው። ለሁለት ሰው ብለው ነው የሠሩት።

እጅጌውን ሳትተረትር፣ መቀሱን እንደያዘች መጋረጃውን ገልጣ ገባች። «አገኘሁት!» ልትል አፏን ከፈተች። ቀደማት። ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ… «አለፍኩልሽ!» አላት።

አለፍኩልሽ። ሰማሽ እትዬ? ለራሱ እኮ አይደለም፤ ለእሷ ብሎ ነው። ሰይፉን ገዝቶ፣ ብቻውን ገብቶ፣ ዘበኛውን ባንድ ምት ዘርሮላታል። ርችቱንም አሳያት። «ተገላገልን በቃ» አላት። ምን ትበል? «እሰይ» አለች። ተመልሳ መጥታ እዚችው ወንበር ላይ ተቀመጠችና እጅጌውን ተረተረች።

እኔ ይሄን የዋህነቱን ነው የምወድለት። ስጦታ መስሎት እኮ ነው። ከየትኛው ሕግ ላይ ተጽፏል፣ ባል ሰይፍ ገዛ ተብሎ ሚስት የምታኮርፈው? ሞኟ እሷ ናት። ግን ከፋት። ምን ልደብቅሽ፣ ክፉኛ ከፋት። ያን ሁሉ ዓመት ለሁለት ያስቀመጡትን ነገር አንዱ ተነስቶ ብቻውን ሲበላው ማን አይከፋው?

እሱስ ጠየቃት ወይ? የለም። መቀስ ይዛ እየሮጠች የገባችው ምን አግኝታ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቃትም። ሣጥን አለበታ! የትከሻውን ነገር ከአፏ የሰማሽው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ… ማለቴ ከአፌ።

ውይ… ቲንግ ቲንጉ ዝም አለ እንዴ? ባትሪው ጨርሶ ይሆናል። አይ፣ አትዙሪ፣ ስፒል አለ ብዬሻለሁ! መጋረጃውን ያነቃነቀው ነፋስ ነው። መስኮቱ ዝግ ነው? እንግዲያው ውስጡ ነፋስ አለ ማለት ነው።

በቃ፣ ውረጂ ቀስ ብለሽ። ግራ ጎኑ ላይ ትንሽ ተሸብሽቧል፤ እተረትረውና ደግሜ እሰፋዋለሁ። ኧረ ግዴለም፣ ምን ችግር አለው? መድገም እኔን አይሰለቸኝም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለምርቃቱ አደርስልሻለሁ፣ አትስጊ።

ደግሞ ሰው አማች እንዳትዪኝ። ስለዚያ ሰውዬ ክፉ ቃል ወጣኝ? አመስግኜው ነው የዋልኩት። እንዲያውም አንቺ ባለሽበት ልመርቀው፤ ታላቅ ነሽ፣ ያንቺ አሜን ይደርሳል። ጮክ ብለሽ አሜን በይ፣ ከሩቅም ይሰማ።

ዕድሜና ጤና ይስጠው። ጣቱን አይመመው፣ ባትሪው አይለቅበት። የከፈተው ሣጥን ሁሉ ወርቅ ይሁንለት። በር ሁሉ ሳያንኳኳ ይከፈትለት፣ ዘበኛ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያሳልፈው። ሚስቱም እንደ ጨዋታዎቹ ገር ትሁንለት። ከእንግዲህ ወዲያ ደግሞ፣ በቀረው ዘመኑ ሁሉ፣ ሄዶ ከወረፋው ጫፍ ሊቆምለት የሚገባ ነገር አይግጠመው።