ሰው ያልመጣበት ደቦ

ከደብረ ታቦር ወደ አንበሳሜ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህርና የጡት ካንሰር የያዛቸው አሮጊት ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ሕክምናው ተሻሽሏል። ሴሎቹ ‹እንባዛ› እያሉ የሚላላኩትን መልእክት በመድኃኒት ይቆርጡታል።»

«ከዚያስ?»

«ዕጢውን በጨረር ያቃጥሉታል። በሌላ መድኃኒት ደግሞ የሰውነትዎን ዘበኛ ይቀሰቅሱታል። ሦስቱም ተጋግዘው ነው።»

«ደቦ ነዋ።»

«ልክ እንደ ደቦ።»

«ደቦማ ሰው ባንድ ቀን ሲመጣ ነው፣ ልጄ። ለጨረሩ ተራ የያዝሁት በዘር ጊዜ ነው፤ ይኸው አጨዳ ደረሰ። ሌሎቹ ሁለቱስ የት አሉ?»

«እነሱ እንኳ... እኛ ዘንድ ገና ናቸው።»

«እንግዲህ እኔ ጠላውን ጠምቄ ማሳው ዳር ቆሜያለሁ። እስካሁን የመጣው አረሙ ብቻ ነው።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ ወራጅ ሳልል አለፍሁት።