የባተርሲው ልዑል ቋንቋ ሲማሩ

እኛ እዚህ እንግሊዝ አገር በገባንበት ዘመን፣ ልጆቼ፣ ሥራ ማማረጥ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ ለንደን፣ ፓርክ ሮያል ሰፈር፣ ዳቦ ፋብሪካ ገባሁ እና አሥራ አራት ዓመት ሊጥ አቦካሁ፤ አቦካሁ ስላችሁ ማሽኑ ነው የሚያቦካው፣ እኔ ማሽኑን ነው የምጠብቀው። አትሳቂ ሊዲያ፣ እሱም ሥራ ነው። ታዲያ በኋላ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ኬረር ሆንኩ፤ አዛውንት ቤት እየሄዱ ማልበስ፣ ማብላት፣ መድኃኒታቸውን ቼክ ማድረግ። እና አንድ ቀን ሥራ የሚመድበን ቢሮ ሴትዮ ደወለችልኝ።

«ታደሰ፣ ባተርሲ ሰፈር አንድ ሰውዬ አሉ፣ ሦስት ኬረር አባረዋል። ትሞክራቸዋለህ?»

«ምን ብለው ነው የሚያባርሩት?»

«አንዷን ወተቱን ከሻዩ አስቀድማ ቀዳች ብለው። አንዱን ዳርሊንግ አለኝ ብለው። ሦስተኛው እንኳን ራሱ ነው የሮጠው።»

ሄድኩ። በር ከፈቱልኝ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው፣ ክራቫታቸውን አስረዋል፣ አውራ ጣታቸው ግን በካልሲያቸው ቀዳዳ ብቅ ብሏል።

«ከየት ነህ?» አሉኝ፣ ገና በሩ ላይ።

«ከኢትዮጵያ።»

«ነገሥታታችሁ የማን ዘር ነን ይሉ ነበር?»

«የሰሎሞን» አልኩ፣ ይኼ ደግሞ ምን ፈተና ነው ብዬ።

«የኔ ቅድመ አያቶች ደግሞ የጆርጂያ ነገሥታት ነበሩ። የዳዊት ዘር ነን እንላለን። ሰሎሞን ለዳዊት ምኑ ነው?»

«ልጁ።»

«እንግዲያው እኔ ታላቅህ ነኝ። ግባና ሻይ አፍላ። ወተቱ በኋላ!»

ታዲያ እኔም ዝም አላልኩም። «እኔ የንጉሥ ዘር አይደለሁም፣ አባቴ ፖስታ ቤት ማኅተም መቺ ነበሩ፤ ግን የልዑል ካልሲ ይቀደዳል እንዴ?» አልኳቸው። እግራቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «በተለይ የልዑል ነው የሚቀደደው» አሉኝ። እና በዚያው ተዋደድን። ስማቸው ኮንስታንቲን ነው፤ እኔ ቆስጠንጢኖስ እላቸው ነበር፣ እሳቸውም ወደዱት። «ይኼ ስም ሠራዊት ያለው ይመስላል» ይሉኝ ነበር።

እና እየቆየ የአባታቸውን ነገር ያጫውቱኝ ጀመር። ስሙኝ እንግዲህ። በጥንት ጊዜ የሩሲያ ንጉሥ ጆርጂያን ሲወስድ የነገሥታቱን ቤተሰብ ነቅሎ ሩሲያ አሰፈራቸው፤ እና ልጅ ሲወለድ፣ የልጅ ልጅ ሲወለድ፣ እየወረደ እየወረደ የቆስጠንጢኖስ አባት ዘመን ሲደርስ ምን ቀረ? በአንድ ሩቅ ጠቅላይ ግዛት፣ ከጭቃና ከጫካ በቀር ምንም በሌለበት፣ አንድ ጣራው የሚያፈስ የእንጨት ቤት፣ ጥቂት ፈረሶች፣ እና አንድ ትልቅ ሪዝ። በቃ። ሰዉ አባትየውን ልዑል ይለዋል፣ ሥራው ግን የባላገር ዳኝነት ነው፣ የጎረቤት ክስ መስማት።

«አባቴ» ይላሉ ቆስጠንጢኖስ፣ እንዲህ ቅንድባቸውን ሰቅለው፣ «አባቴ በዕድሜው የፈረደው ትልቁ ፍርድ የዝይ ፍርድ ነው።» ሁለት ገበሬዎች በአንዲት ዝይ ተጣሉ። «የኔ ናት!» «የለም፣ የኔ ናት!» ታዲያ ዳኛው ምን አለ? «ዝይዋን በሁለታችሁ ቤት መካከል እንልቀቃት፤ የገባችበት ቤት ይወስዳታል።» መንደሩ በሙሉ ለማየት ወጣ። ዝይዋ ተለቀቀች። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ እና ቀጥ ብላ ሄዳ የት ገባች መሰላችሁ? የዳኛው ወጥ ቤት!

«አባባ፣ ሪሊ?»

ሪሊ ነው እንጂ! ፍርድ ፍርድ ነው፤ ለሁለቱም አንዳንድ በግ ሰጣቸው እና ዝይዋ እዚያው ቤቱ አርጅታ ሞተች።

ታዲያ አብዮት መጣ። አብዮትን እኛም እናውቀዋለን፣ አልዘረዝርላችሁም። አንድ ጠዋት ገበሬዎቹ ችቦ ይዘው መጡ፤ ከፊት ማን አለ? እነዚያ የዝይ ባላጋራዎች! ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ክቡርነትዎ፣ ቤቱን አቃጥሉ የሚል ትእዛዝ መጥቷል። አፍረናል፣ ግን ማቃጠላችን አይቀርም» አሉት። እሱም አሰበ አሰበና፣ «ፒያኖውስ?» አላቸው። «ፒያኖውን እንኳ ለትምህርት ቤታችን ፈልገነው ነበር።» «እንግዲያው ኑ፣ ከባድ ነው፣ በዚህ በኩል እኔ ልያዝ።» እና የራሱን ፒያኖ ከራሱ ቤት ተሸክሞ ሲያወጣ እግሩ ላይ ወደቀበት፣ አውራ ጣቱ ተሰበረ። ታዲያ ቤቱን ሊያቃጥሉ የመጡት ሰዎች እግሩን አሰሩለት፣ በድርቆሽ ጋሪ ውስጥ ደብቀው ባቡር ጣቢያ አደረሱት። ተመልሰው ቤቱን አቃጠሉት። ሁለቱንም አደረጉ!

እሱም እያነከሰ ስንት አገር አቋርጦ ለንደን ገባ፣ የሰዉን ልጆች ፈረስ መጋለብ እያስተማረ ኖረ፣ አንዲት እንግሊዛዊት ነርስ አገባ፣ እና በስተርጅናው ቆስጠንጢኖስን ወለደ።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበው ነበር። የአባቶቹን ቋንቋ አያውቅም። ሩሲያኛ ያውቃል፣ ፈረንሳይኛ ያውቃል፣ ጆርጂያኛ ግን ከአያቱ የሰማት አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ «ምዜ»። እኔ መጀመሪያ ስሰማ ሚዜ መስሎኝ ማን ሊያገባ ነው አልኩ። ፀሐይ ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ሲከፍት «ምዜ!» ይላል፣ ውጭ ዝናቡ እየወረደ! እና ልጁን፣ «ከዚህ በላይ የማወርስህ የለኝም፣ ይቅር በለኝ» ይለው ነበር። ቆስጠንጢኖስ ይህንን ሲነግሩኝ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። እዚህ ለንደን የሚኖሩ ጆርጂያኖች ናቸው፤ «እርስዎ እዚህ እንዳሉ ገና አሁን ሰማን፤ ለበዓላችን ከማዕዱ ራስ ይቀመጡልን፣ ስለ አባትዎም በቋንቋችን ጥቂት ቃል ይናገሩልን» ይላል። አነበብኩላቸው። 

«ቅደደው» አሉኝ።

«ምነው?»

«የንጉሥ ዘር ተብሎ የተጠራ ሰው፣ ተነስቶ እንደምን ዋላችሁ ማለት ሲያቅተው ምን ይባላል? ቅደደው አልኩህ፣ ታደሰ!»

እኔ ግን አልቀደድኩትም፤ ኪሴ ከተትኩት። ለምን መሰላችሁ፣ ዳቦ ፋብሪካ ሳለሁ ናና የምትባል ጆርጂያዊት አብራኝ ትሠራ ነበር፤ ክንዷ ይሄን ያህላል፣ ምላሷ ደግሞ ከክንዷ ይብሳል። ሄጄ ፋብሪካው በር ላይ ጠበቅኳት እና ነገሩን ነገርኳት።

«ልዑል?» አለች ናና፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ቅድመ አያቶቼ ለነሱ ወይን ሲረግጡ ኖሩ፤ አሁን ደግሞ እኔ ቋንቋ ላስተምራቸው?»

«አባታቸውም አያውቁም ነበር» አልኳት፣ «ይቅር በለኝ እያሉ ነው የሞቱት።»

ናና እጇን ከወገቧ አወረደች። እሷም ልጅ አላት፣ እዚህ ያደገች፣ እናቷ በጆርጂያኛ ስትጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስ። «እሁድ ሥራ የለኝም፤ በስንት ሰዓት ልምጣ?» አለችኝ።

እና ለሳቸው ሳልናገር ይዣት ሄድኩ። ቆስጠንጢኖስ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ግን ያመጣችው አይብ ያለበት ዳቦ ሲሸታቸው ቁጣው አላዘለቃቸውም። ትምህርቱ ተጀመረ፣ ስድስት እሁድ። የመጀመሪያውን ቀን ጠብ አልረሳውም።

«ማማ ማለት» አለች ናና፣ «አባት ማለት ነው። ዴዳ ማለት እናት።»

«ስህተት ነው» አሉ ቆስጠንጢኖስ።

«የማን ስህተት?»

«የጠቅላላው ሕዝብ! ማማ በእንግሊዝኛ እናት ነው፣ በሩሲያኛም እናት ነው። ዴድ ደግሞ በሩሲያኛ አያት ነው፣ ወንድ ነው፣ ጢም አለው!»

«ነገሥታትዎ ሲገዙ ማስተካከል ይችሉ ነበር» አለች ናና፣ «አሁን ዘገዩ። ይድገሙ!»

ልዑሉ ደገሙ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ አፌን በፎጣ ይዤ እስቃለሁ። ግን እላችኋለሁ፣ በሳምንቱ ስመለስ ቃላቱን በትልልቁ ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ፣ በሩ ላይ፣ መስተዋቱ ላይ ለጥፈዋቸዋል። ጥርሳቸውን ሲቦርሹ ያነባሉ። በዚያ ዕድሜ!

ታዲያ በዓሉ ደረሰ። እሁድ ቀትር ላይ ነው፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ። እኔ ካልሲያቸውን ቼክ አደረግኩ፣ ደህና ነው። ሰዉ ግጥም ብሏል፣ ማዕዱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፤ ሲገቡ ሁሉም ብድግ አለ።  «ታደሰ፣ እንመለስ» አሉኝ በጆሮዬ። «ከተቀመጥን በኋላ እንመለሳለን» አልኳቸው። ናና ከልጇ ጋር አጠገቤ ተቀምጣለች፣ የሚሉትን ልትተረጉምልኝ።

ተነሱ። ወረቀታቸውን አወጡ።  እና «ዴዳ ቼሚ» ብለው ጀመሩ፣ ድምፃቸው ጥርት ብሎ።

ናና ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «ምን አሉ?» አልኳት።

«እናቴ አሉ።»

እና ቀጠሉ። «እናቴ በአውራጃው የታወቀች ፈረሰኛ ነበረች። የእናቴ ሪዝ እስከ ጆሮዋ ይደርስ ነበር።» ማንም አይስቅም፤ ልዑል ናቸዋ! ሰዉ ከንፈሩን ነክሶ ሳህኑን ያያል። «እናቴ ፒፓ ታጨስ ነበር» ሲሉ ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት በናፕኪን ፊታቸውን ሸፈኑ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። «በእናቴ ላይ ፒያኖ ሲወድቅ...» ሲሉ ናና መቻል አቃታት እና ከወንበሯ ተነስታ፣ «ማማ!» ብላ ጮኸች፣ «ማማ ነው፣ ማማ!»

ቆም አሉ። ወረቀቱን አዩ፣ ናናን አዩ። ጆሯቸው ቲማቲም መሰለ። እኔ አለቀ አልኩ፤ አሁን ኮታቸውን ይጠይቁኛል፣ ከእንግዲህ ከቤት አይወጡም፣ ጥፋቱም የኔ ነው። 

እና ሳቁ! ቆስጠንጢኖስ፣ ከንፈራቸውን እንኳ በስስት ፈገግ የሚያደርጉት ሰውዬ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ «እውነተኛይቱ እናቴ ነርስ ነበረች፤ ስለ ሪዟ ብትሰማ ለሐኪም ታሳየው ነበር» አሉ። በቃ! አዳራሹ ፈነዳ። የማዕዱ መሪ ብርጭቆውን አንስቶ፣ «ለሪዛሟ እናት!» አለ፣ ሁሉም ብድግ ብሎ ጠጣ።

ታዲያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። አሁን «ማማ ቼሚ» አሉ፣ አባቴ፣ እና ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ዝይዋን ነገሩ፣ ፒያኖውን ነገሩ፣ ጋሪውን ነገሩ፤ ቃል ሲጠፋቸው ከየወንበሩ ሰው ያቀብላቸዋል፣ ያንን ያነሳሉ፣ ይቀጥላሉ። መጨረሻ ላይ፣ «አባቴ ከቋንቋችሁ አንዲት ቃል ብቻ ያውቅ ነበር» አሉ። መጋረጃ እንደሚከፍት ሰው እጃቸውን እንዲህ ዘረጉ፣ ቃሉ ግን አልወጣ አላቸው። ያቺ አሮጊት ቀስ ብለው፣ «ምዜ» አሉላቸው። እና አዳራሹ በሙሉ ተቀበለ፣ «ምዜ!» እኔ ራሴ ብያለሁ። ማንም ያልኩትን አልሰማም፣ ግን ብያለሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ፣ እና ማን ይቻላቸው! ናናን በሥራ ሰዓት እየደወሉ ግሥ ይጠይቋታል። ሐኪማቸውን በጆርጂያኛ ሰላም ይሉታል። የናና ልጅ ደግሞ፣ ያቺ በእንግሊዝኛ የምትመልሰው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ከሳቸው ጋር ታጠና ጀመር፤ «ከእናቴ ጋር ስሳሳት ትቆጣለች፣ ከሳቸው ጋር ግን ሁለታችንም እንሳሳታለን» ትለኝ ነበር። ሲያርፉም በመቃብራቸው ላይ የተናገረችው እሷ ናት፣ በእናቷ ቋንቋ።

እና እናንተን የምላችሁ፣ እኔ ልዑል ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዘራቸው እስከ ዳዊት ይድረስ አይድረስ አልመረመርኩም። ግን በሰማንያ ስምንት ዓመት ዕድሜ፣ ሙሉ አዳራሽ ፊት ተሳስቶ፣ ስቆ፣ እንደገና ከመጀመሪያው የጀመረ ሰው አይቻለሁ። ለኔ ይኼ ይበቃል። ምን ልትዪ ነው ሊዲያ?

«አባባ... እኔ ቅዳሜ... ኖ ኖ፣ ቆይ፣ በአማርኛ ልበል። እኔ ቅዳሜ አንቱን የቆስጠንጢኖስ መቃብር ጋ... እወስድሻለሁ።»

እወስድሻለሁ? አንቱን እወስድሻለሁ? ሃሃሃ! እሺ ልጄ፣ ውሰጂኝ፣ እሄዳለሁ። ብቻ ጃንጥላ እንዳትረሺ!