ተራውን የማይጠብቀው ቼዝ

ሩታዬ፣ ነይ እዚህ ጋ፤ ቦታ ይዤልሻለሁ። ከአዲሱ ገበያ ታክሲ አገኘሽ? ጭቃው ጫማሽን አላበላሸውም... ጎበዝ። አዳራሹ ሞላ አይደል? ለኮምፒውተር ቼዝ ፕሮግራሞች ውድድር ይህን ያህል ሰው ይወጣል ብሎ ማን አሰበ!

ከፊታችን ጀርባውን ሰጥቶን የተቀመጠውን ስሙን አልጠራም፤ አብሮኝ የሚያስተምርን ሰው ፊት ለፊት ማመስገን ያሳፍረኛል። ግን እውነቱን እንናገር... ሳይደክም የሚጨርስ እንደ እሱ ያለ ሰው አይተሻል? ዛሬ ላሸነፈ የፕሮግራመር ሥራ ይሰጡታል አሉ። ይገባዋል።

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ልንገርሽ? ዛሬ የሚያቀርበውን የቼዝ ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ታውቂኛለሽ፣ ለሰው ማሳየት እየፈራሁ ዓመታት አለፉ። መጀመሪያ ሰሌዳውን ሠራሁ፤ ቀጥሎ የእያንዳንዱን አካሄድ። ፈረሱ በቀኝ ጠርዝ ወጥቶ በግራ ይገባ ነበር! ስህተቱን ሳገኘው ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ ኮምፒውተሩ አንድ ወታደር ለመብላት ሲል ንግሥቱን ያስበላ ጀመር፤ የባላጋራውን መልስ አስቀድሞ እንዲያይ አደረግሁት። እሱን ይህ ሁሉ ጣጣ አልነካውም... ከቢሮ ኮምፒውተሬ በፍላሽ ገለበጠው። ስሙንም ጻፈበት። ስም መጻፍ ቀላል ሥራ ነው እንዴ?

የገለበጠው ግን ያልታረመውን ነው። እኔ ጨዋታውን የለመድኩት ከአባቴ፣ ቀጨኔ ደጃፋችን ላይ፣ በድሮው የአገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ ሕግ ነው፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም እንደ ፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ሳላስበው እንደዚያው ጻፍኩት። የታረመው ቤቴ አለ። እሱ ግን ቼዝ ስለማይጫወት፣ ተራ አልጠብቅም ያለውን ፕሮግራም "ከሰው ቀድሞ የሚያስብ" ብሎ አስመዘገበው። እንዲህ ያለ መተማመን እኔ ከየት ላምጣ?

ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር፤ የምትስተካከለው አንዲት መስመር ናት። ሊያስቸግረኝ አልፈለገም... ጨዋ ነው።

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? አይ፣ ጆሮው የቀላው በሙቀቱ ነው።

ይኸው ተጠራ። አወጣጡ እንዴት ያምራል! ዳኛው ሊጫወቱ ተቀመጡ... አንድ ወታደር ገፉ... ኮምፒውተሩ መለሰ። ደገመ። ሠለሰ። አየሽ፣ ዳኛው እጃቸውን አነሱ፤ "ተራው የእኔ አይደለም ወይ?" እያሉት ነው። አሁን መልስ አያጣም፤ የራሱ ሥራ አይደል?

ወደ እኛ የሚያየው ምን ፈልጎ ነው? እኔን? በዓይኑ እየጠራኝ? ኧረ በስመአብ... እኔ ምን አውቄ! አጨብጭቢለት ይልቅ፣ ሰው ሲያጨበጭብለት ያምርበታል።

እግዚአብሔር ይርዳው፤ ከልቤ ነው። እጁን ይባርክለት፣ ዕድሜውን ያርዝምለት... አንድ ቀን እንደ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ፣ የገዛ ራሱን ስህተት ለመሥራት ያብቃው። አሜን በይ እንጂ!