የሚቀምሰው የጠፋ ቋሊማ

ሐዋሳ፣ አንድ ሆቴል ማዕድ ቤት፤ የፍልሰታ ጾም፣ የምሳ ሰዓት። ዋናዋ አብሳይ እማዋይሽና አስተናጋጁ ዲያቆን ደምሰው ፍም ላይ የተጠበሰ ቋሊማ መሃላቸው አድርገው ቆመዋል።

እማዋይሽ፦ ቅመሰው ነው ያልኩህ፤ ጨርሰው አላልኩህም።

ደምሰው፦ እትዬ እማዋይሽ፣ በፍልሰታ ዲያቆን ቋሊማ ቅመስ ይባላል? ጭሱ አፍንጫዬ መግባቱ ራሱ አስጨንቆኛል።

እማዋይሽ፦ እኔስ ምን ልሁን? ሥጋው ሲፈጭ ሚጥሚጣ ጨምሬበታለሁ። ባለቤቱ ጋሽ ንዋይ አስጠርተውኝ ስመለስ ደግሜ ጨምሬ እንደሆነ ግን እንጃ።

ደምሰው፦ ምን ቢሉሽ ነው?

እማዋይሽ፦ እንግዳዬ የአሜሪካ፣ የሉዊዚያና ሰው ነው፣ ክሪዮል የሚሉትን ምግብ እየበላ ያደገ፤ ሳንድዊቹን ካልወደደው ነገ ሌላ አብሳይ እፈልጋለሁ አሉኝ። ክሪዮል እችላለሁ ብዬ የተቀጠርኩት እኔው ነኝ።

ደምሰው፦ ትችያለሽ እንዴ?

እማዋይሽ፦ በስልክ አይቻለሁ። ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ ቃሪያ፣ የሚያቃጥል በርበሬ። ይሄማ የእናቴ ጓዳ ነው ብዬ ደፈርኩ።

ደምሰው፦ ዕቃ አጣቢውን ከድርን አስቀምሺዋ። እሱ ፍልሰታን አይጾምም።

እማዋይሽ፦ ለመንኩት። የክርስቲያን ሥጋ አልነካም አለኝ፤ ምን ልፍረድበት?

ደምሰው፦ ጴንጤዋ ገንዘብ ተቀባይስ?

እማዋይሽ፦ ዛሬ ዕረፍቷ ነው። ይሄን ሁሉ ሰው ይዘን ሥጋ የሚቀምስ አንድ ምላስ እንጣ?

ደምሰው፦ ሰውዬው በሩን በሩን ያያል። ዳቦውን ልሰንጥቀው?

እማዋይሽ፦ ሰንጥቀው። ከማዮኔዝ ጋር የመታሁትን ሰናፍጭ ከሥር ቀባ፣ ቲማቲሙን ከላይ። ቆይ፣ ቆይ። ትን ቢለውስ? እዚያው ወንበሩ ላይ ድርቅ ብሎ ቢቀርስ?

ደምሰው፦ ውሃ ይዤ ከጎኑ እቆማለሁ።

እማዋይሽ፦ አትቀልድብኝ። ከዚህ ከወጣሁ ልጄን ምን አበላታለሁ? በቃ፣ እኔው እቀምሰዋለሁ።

ደምሰው፦ አንቺ? ልጄ ከሕመሟ ከተነሳች ፍልሰታን በሕይወቴ አልሽርም ብለሽ ተስለሽ የለም?

እማዋይሽ፦ ስለቱም ለእሷ ነው፣ ሥራውም ለእሷ። እመቤቴ ሆዴን ታውቀዋለች። ሹካውን አቀብለኝ።

ደምሰው፦ ተዪ።

እማዋይሽ፦ እጄን ልቀቅ፣ ደምሰው። ሰውዬው እየጠበቀ ነው።

ደምሰው፦ ሹካውን አስቀምጪ፣ እትዬ፤ እኔው ቀመስኩት። ማቃጠሉ ልክ ነው። ጨው ብቻ ትንሽ ያንሰዋል።