ጭቃ የሌለው ካሮት

ካይሮ ግብርና ስማር፣ መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ገበሬ ይመስለኝ ነበር። ጊዛ ላይ ካሮት የሚያመርቱትን ሽማግሌ፣ አም ሐሰንን፣ «ጭቃው ታጥቦ ቢቀርብ እኮ በደህና ዋጋ ይሸጣል» ብዬ አሳመንኳቸውና ቦይ ዳር ተቀምጬ አንድ ጋሪ ሙሉ አጠብኩ። ገበያ ላይ ግን ገዢው ሁሉ እያገላበጠ «የከረመ ነው፤ ጭቃው የታለ?» ብሎ ያልፋል። አም ሐሰን «ማሌሽ፣ ግድ የለም ልጄ፤ በል ያጠበ እጅህ ጭቃውን ይመልስ» አሉኝ። ጭቃ አቡክቼ አንድ በአንድ ለቀለቅኩት፤ ተሻምተው ጨረሱት።

አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ አከራዬ ኡም ሰሚራ አንድ ሳፋ ካሮት ይዘው ጠበቁኝ። «ጭቃውን አየኸው? አሁን ከማሳ የተነቀለ ነው» አሉኝ። ልቅለቃዬን ወዲያው አወቅኩት። ሳፋውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «የግብርና ተማሪ አይደለህ፤ በል እጠብልኝ።»