የማኅበሩ ጥለት

ቅዳሜ ቀትር ላይ የሚዛን ተፈሪ ዝናብ እንደ ልማዱ ሳይታሰብ ዱብ አለ። ከገበያ ይመለሱ የነበሩት ወይዘሮ እማዋይሽ ወደ ናስር ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ሮጠው ሲገቡ፣ ራሔልን ቀድማቸው ተጠልላ አገኟት። ራሔል በአጠገባቸው ባለችው በአማን ከተማ የምታስተምር መምህርት ናት፤ ልጃቸው ብሩክ ሊያገባት ቆርጧል፤ ሽማግሌዎችም ነገ ወላጆቿ ዘንድ ሊሄዱ ተቀጥረዋል። ወይዘሮዋ ግን ዛሬ ማለዳ ለሽማግሌው ለአቶ ባየ «ትንሽ ይቆየን» ብለው ልከዋል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚሉ ሴት ናቸው። የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ እንደ መሆናቸው፣ በየዓመቱ ለንግሥ የሚለበሰውን ጥለት የሚመርጡት እርሳቸው ናቸው። ባለፈው ንግሥ አርባ ሴት በአንድ ጥለት ሲያጌጥ፣ ራሔል ሰፊ ቀሚስ ለብሳ፣ ተራ ነጠላ ተከናንባ፣ ያለ ጉትቻ ብቅ አለችና ወዲያው ጠፋች። ወዴት ሄደች? ሃይማኖቷን ለውጣ ይሆን? ጉትቻዋንስ ለማን ሰጠች? ሰፊ ቀሚስ ደግሞ ሆድ ይደብቃል!

«እንደምን ዋልሽ ልጄ?» አሉ፣ ቀሚሷን ከላይ እስከ ታች እየቃኙ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እማማ?»

«ደኅና ነኝ። እኔ ነገር በሆዴ አላሳድርም። ጥለታችንን ለምን ናቅሽው? ወይስ የምትደብቂው ነገር አለ?»

ራሔል ነገሩ ገባት። ፊቷ ቀላ፤ ድምጿን ግን ከፍ አላደረገችም።

«እማማ፣ ሴት ልጅ ገላዋን ሸፍና በትሕትና ስትለብስ ነውር አለባት ማለት ነው?»

«ነጭ ለብሶ አጊጦ መቅረብ የእግዚአብሔር ክብር ነው። እራፊ ለብሶ ንጉሥ ፊት ይቀረባል?»

«ንጹሕ መልበስማ ክብር ነው፤ እኔም አጥቤ ነው የለበስኩት። ግን ሐዋርያው ውበታችሁ በወርቅና በሹሩባ ሳይሆን በልብ የዋህነት ይሁን ብሎ የመከረን ለምን ይመስልዎታል? ልብሳችን ሌላዋን የሚያሳፍር ከሆነ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ቢወርድም ትሕትና የለውም።»

«ደግሞ ማንን አሳፈርን?»

ራሔል ጥቂት አመነታች። «እትዬ ጥሩነሽን።»

ወይዘሮ እማዋይሽ ክው አሉ። ጥሩነሽ ማኅበርተኛቸው ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቡና ለቀማ እየዋለች ልጆቿን ታሳድጋለች። ሦስት ንግሥ ብትቀር፣ «ሌላ እምነት ጀምራ ይሆናል» ብለው ለሴቶቹ ያወሩት ራሳቸው ናቸው።

«አልቀረችም እኮ እማማ። በየንግሡ ከአጥሩ ውጭ ትቆማለች። አዲሱን ጥለት ማሰፋት ስላልቻለች መካከላችን መግባት አፈረች። ብቻዋን እንዳትሆን ጉትቻዬን አውልቄ አብሬያት ቆምኩ። የደበቅሁት ይኸው ነው።»

ወይዘሮ እማዋይሽ በጣም አፈሩ። ጥለት ሲመርጡ ለእግዚአብሔር ይመስላቸው ነበር፤ ለካ የጎረቤት ማኅበር እንዳይበልጣቸው ኖሯል።

ዝናቡ ሳያባራ ለአቶ ባየ ደውለው «ነገ ሂዱልኝ» አሉና በቀጥታ ጥሩነሽ ቤት ሄዱ። እርሷ ስታያቸው ልብስ ልትቀይር ወደ ጓዳ ሮጠች። እጇን ያዟት።

«ተይው እህቴ። ስምሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ። ለንግሥ ያለሽን ነጠላ አጥበሽ ነይ።»

ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ጥለት መምረጥ ተወ። ለልብስ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ለልጆች ደብተር መግዣ ሆነ፤ ቀርተው የነበሩ ሰባት ሴቶች ተመለሱ፤ ሐሜቱም ቀለለ። ልብስ ገላን ሊሸፍን እንጂ ሰውን ከሰው ሊለይ እንዳልተሰጠ ሁሉም አዩ።

ከይቅርታው በኋላ በመጣው በመጀመሪያው ንግሥ ግን ጥሩነሽ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስትደርስ እግሯ አልገባ አላት። ወይዘሮ እማዋይሽ መዝሙሩን አቋርጠው ወጡና፣ ሰው ሁሉ እያየ እጇን ይዘው አስገቧት።