የመጀመሪያው ቀፎ

...እና ፊታቸውን ከጆንያው ውስጥ ቀና ሲያደርጉ አፍንጫቸው ላይ የቡና ገለባ ተለጥፎ ነበር። እኔ እዚያ በሩ አጠገብ ብዕሬን እንደያዝኩ ቆሜ...

ይቅርታ፣ የጋሼ ባጫን የስንብት ንግግር ከመሐል ጀመርኩ። ከዚያ ቀን በፊት ያለውን ማስታወስ ስለማልወድ ይሆናል። ከዚያ ቀን በፊት በዚህ መጋዘን ውስጥ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። የመጋዘኑ ባለቤት ሐጂ ታጁዲን ይመስክሩ፤ የመቱን ቡና ለጋምቤላ ነጋዴዎች በደብዳቤ የማስተዋውቀው እኔ ወንድይራድ ነበርኩ።

ጋሼ ባጫ ሁለተኛ ጸሐፊ ሊሆኑ ከጎሬ በበቅሎ መጡ። ጃንጥላቸውን አጥፈው ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ሐጂ የሚጽፉበትን ጠረጴዛ ሊያሳዩአቸው ሲሉ፣ “ጠረጴዛው ይቆየኝ፤ መጀመሪያ ከቡናው ጋር ልተዋወቅ” አሉ። ጆንያ ፈትተው ፊታቸውን እስከ ጆሯቸው ከተቱ። በጣም ቆዩ። ሚዛን የሚይዘው ነመራ ሰውየው ሞቱ ብሎ እግራቸውን ያዘ። አትሳቅ ነመራ፣ ይዘሃል።

ልማዳቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እትዬ ጠይባ ቡና ሲለቅሙ አጠገባቸው ቁጢጥ ይሉና፣ “ማል ፈካታ? ምን ይመስላል?” ይሏቸዋል። እትዬም ቡና ነው፣ ቡና ይመስላል ይሏቸዋል። አይሄዱም። ሌላስ ምን ይመስላል ይላሉ። እኔ እስከዚያ “ጥሩ ቡና ነው፣ ደረቅ ነው፣ ንጹሕ ነው” ብዬ ሦስት ደብዳቤ እጨርሳለሁ። የእኔ እንግሊዝኛ አንድ ስሕተት አልነበረበትም። ይህን ማንም ተናግሮልኝ ስለማያውቅ ዛሬ ራሴ ተናገርኩት።

አንድ ቀን እትዬ ጠይባ ሰልችቷቸው ይመስለኛል፣ ሽታው ዝናብ ካባራ በኋላ ቀፎ ከተሰቀለበት ዛፍ ሥር እንደ መቆም ነው አሏቸው። ጋሼ ባጫ እንዳይፈስባቸው የፈሩ ይመስል ቃሉን ይዘው ቀስ ብለው ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱና በእንግሊዝኛ ጻፉት። ደብዳቤ ነው ወይስ ዘፈን ብዬ ጠየቅኳቸው። ፈገግ አሉ።

“ወንድይራድ፣ ‘ጥሩ’ የሚለውን ቃል የጋምቤላው ሰው ከነጋዴው ሁሉ ይሰማዋል። አፍንጫው ከእኛ የብዙ ቀን መንገድ ይርቃል። በደብዳቤ ስበን አፍንጫውን እዚህ ማምጣት አለብን።”

አመጡትም። ያን ዓመት የጋምቤላው ሰው የጠየቀን “የቀፎውን ቡና” ብቻ ነበር።

ደግሞ የሶር ነገር አለ። ጣሊያን መቱ ከገባ ወዲህ ደብዳቤ ሁሉ በጣሊያኑ ሹም እጅ ያልፍ ነበር። ጋሼ ባጫ፣ ቡናችን በነሐሴ እንደሚወርደው ሶር ነው፣ የሚያቆመው የለም ብለው ጻፉ። ሹሙ አስጠራቸው። ሶር የሚባለው ሽፍታ ማን እንደሆነ፣ ስንት ጠመንጃ እንዳለው ጠየቃቸው። ሽፍታ ሳይሆን ፏፏቴ ነው ቢሉት አላመነም፤ ግማሽ ቀን አሰራቸው። በማግስቱ ግን ሄዶ አየ። እስከ አጥንቱ በስብሶ ተመለሰና ደብዳቤው ላይ ማኅተሙን መታበት። ከተማው ሳምንት ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን አንድ ነገር አሰብኩ፦ እኔ ግማሽ ቀን እንኳ የሚያሳስር ዓረፍተ ነገር ጽፌ አላውቅም።

ስለዚህ ሰረቅሁ።

ከዳሪሙ ቡና መጥቶ ነበር፤ ጋሼ ባጫ ታመው ስለተኙ ደብዳቤውን መጻፉ ለእኔ ደረሰ። ቀፎውን እንዳለ ወስጄ ጻፍኩት፤ ዝናቡን፣ ዛፉን፣ ሁሉንም። ጆንያውን ግን አልፈታሁትም። ክረምቱን ከጥሬ ቆዳ ጋር በአንድ ጎተራ ከርሞ ሽታው ተበላሽቶ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

መልሱ ከጋምቤላ መጣ። ፖስታው ላይ “ስለ ቀፎው ለጻፈው” ይላል። እኔም ስለ ቀፎው ጽፌ ነበርና ከፈትኩት። ነመራ ጠይቆኝ ነበር፤ የተለመደ ደብዳቤ ነው አልኩት።

እነሆ፣ ይኸው። ሁለት ዓመት ኪሴ ውስጥ ነበር። የማልረሳውን ልናገር፦

“የመጀመሪያውን ቀፎ የጻፈው ሰው ሽታውን ያውቀዋል። ሁለተኛውን የጻፈው ወሬውን ሰምቷል። የመጀመሪያውን ላኩልን፤ ወጣት ጸሐፊዎቻችንን ያስተምርልን። ቤትም ደመወዝም ተዘጋጅቶለታል።”

ሐጂ፣ እንደዚያ አይዩኝ። አውቃለሁ። ዛሬ ጣሊያንና እንግሊዝ ተዋግተዋል፤ የጋምቤላ መንገድ ከሰኔ ጀምሮ ተዘግቷል፤ በእንግሊዝኛ የጻፈ ይታሰራል። ጋሼ ባጫ ሥራ የሚያቆሙትም ደክሟቸው ሳይሆን የሚጻፍለት ሰው ስለጠፋ ነው። ያን ጊዜ ሰጥቻቸው ቢሆን...

በየጠዋቱ ልሰጣቸው እያልኩ እመጣ ነበር። በየጠዋቱ እትዬ ጠይባ አጠገብ ቁጢጥ ብለው አገኛቸዋለሁ። ሌላ ምን ይመስላል ይላሉ። እጄ ኪሴ ውስጥ ይቀራል።

ጋሼ ባጫ፣ አመሰግንዎታለሁ። ይህን ለመናገር ነበር የተነሣሁት። ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ጆንያ ሳልፈታ ጽፌ አላውቅም። አንድ ቀን በሕመምዎ ልጠይቅዎ መጥቼ፣ “ዛሬ ምን አየህ?” ብለውኝ ነበር። ምንም አልኩ። ዛሬ ልመልስልዎ። ቅናት ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ከጥሬ ቆዳ ጋር የከረመ ቡና ነው። ከውጭ ሲያዩት ፍሬው ፍሬ ነው፣ መልኩም መልክ ነው፤ ጆንያው እስኪፈታ ድረስ ማንም አያውቅም። ይህቺን ከማንም አልወሰድኳትም።

በሉ፣ ጽዋችሁን አንሡ። የሐጂ ቤት ስለሆነ ጠጅ ሳይሆን ብርዝ ነው፤ ማሩ ግን የኖፓ ነው፣ ከእርስዎው አገር። ጋሼ፣ ኖፓ ያለው ቤትዎ ክረምቱን አያፍስስ። በቆሎዎን ጦጣ አይድረስበት። ዛፍዎ ላይ የሰቀሉት ቀፎ ንብ አይጣ። ምን ይመስላል ብለው የሚጠይቁት ሰው ከደጅዎ አይጥፋ። ለጋሼ ባጫ።

ጋሼ፣ አሁን እዚህ ማንበብ የለብዎትም። ደብዳቤውን ይያዙት።

እሺ። ያንብቡት።

ነመራ፣ ወንበሩን ሳብላቸው፣ መነሣት ፈልገዋል። ብርዙን እኔ ልያዝልዎ... ይሁን፣ ያስቀምጡት። እትዬ ጠይባ፣ ጃንጥላውን ያቀብሏቸው፤ ግድግዳው ላይ ነው፣ ያው ቦታው ላይ። ውጭው ዝናብ ነው።

ጋሼ ባጫ።

ጋሼ...

በሩ ተዘጋ።